በሬ የማያሸጥ ብር

ድርቅ በገባበት ዓመት ገበያ የወጣ ሰው ሁለት ነገር አብሮ ያያል፦ የእህል ዋጋ ሽቅብ ይወጣል፣ የከብት ዋጋ ቁልቁል ይወርዳል። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው። ጎተራው የተራቆተበት ሁሉ ከብቱን እየነዳ ይወጣል፤ ሁሉም ከብት ሻጭ፣ ሁሉም እህል ፈላጊ ይሆናል። በደህናው ዓመት አንድ በሬ ያመጣ የነበረውን እህል በዚያ ቀን ግማሹን እንኳ ላያመጣ ይችላል። በወሎም ሆነ በዋግ፣ በሰሜን ሸዋ ቆላም ሆነ በምሥራቅ ሐረርጌ፣ የደሃ ገበሬ ቤት ወደ ታች መንሸራተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። አንድ በሬ የቀረው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል፤ ተራው እስኪደርስ ዝናቡ ያልፈዋል። ሁለቱንም የሸጠ ደግሞ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ በሬ ያለው ሰው ያርስለታል፣ ምርቱን ይካፈሉታል። መሬቱ የእሱ ነው፣ የግብር ደረሰኙም በስሙ ነው፤ ጎተራ የሚገባው ግን ከፊሉ ብቻ ነው። ስለዚህ በቀጣዩ ዓመት እህሉ ሰኔ ያልቅ የነበረው ሚያዝያ ያልቃል። ከዚያ እህል ይበደራል። ሐምሌ ውድ ሆኖ የተበደረውን ኅዳር ላይ፣ አዲስ ምርት ገብቶ ዋጋው በወደቀበት ሰዓት፣ ከነወለዱ ይከፍላል። በመጨረሻ ትልቁ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ይወርዳል። የአንድ ክረምት ችግር አልፎም ቤቱ ወደነበረበት አይመለስም።

ስለ ገንዘብ ድጋፍ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «በዚህች ብር ማን ከድህነት ወጣ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፣ መልሱም ብዙውን ጊዜ «ጥቂት ሰው» የሚል ነው። የብሩ ዋና ሥራ ግን ሌላ ይመስለኛል። ቤቱ በሬውን፣ መሬቱንና የልጁን ትምህርት በርካሽ እንዳይለቅ ጊዜ ይገዛለታል። ይህን ሥራ መሥራት አለመሥራቱን ከመጠኑ ይበልጥ የሚወስነው የሚደርስበት ቀን ነው። አገራችን ይህን በሴፍቲኔት፣ ማለትም በየዓመቱ ለሚራቡ የገጠር ቤቶች ብር ወይም እህል በሚሰጠው ፕሮግራም፣ ተምራዋለች፣ ገና እየተማረችውም ነው።

ወደ ኋላ መለስ እንበል። የ1965ቱንና የ66ቱን የወሎ ረሃብ ያጠናው ህንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን አንድ እንግዳ ነገር አስተውሎ ነበር። ሰው በረሃብ እያለቀ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። ገበሬው ሰብሉን ሲያጣ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጥቷል፤ ገዢ የሌለው ረሃብ ደግሞ ለነጋዴ ምልክት አይሰጥም። ይህ ትንታኔ ተከራካሪ አላጣም፤ መንገድ በሌለበት ተራራማ አገር ገንዘብ የያዘ ሰውስ እህሉን ከየት ያመጣው ነበር ያሉ አሉ። ሁለቱም ሐሳቦች ወደፊት ይመለሱብናል።

ከ77 ወዲህ የተለመደው መንገድ የእለት ደራሽ እርዳታ ነበር። ምርት ሲገባ ግምገማ ይካሄዳል፣ የተረጂ ቁጥር ይወጣል፣ ለለጋሾች ጥሪ ይቀርባል፣ ቃል ይገባል፣ ስንዴው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ በካሚዮን ወረዳ፣ ከወረዳ በአህያና በሰው ጫንቃ ቀበሌ ይገባል። ስንዴው ነፍስ አድኗል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተረጂው ቁጥር ከ13 ሚሊዮን ሲያልፍ አንድ እውነት ፈጦ ወጣ፦ ከተረጂዎቹ ሚሊዮኖቹ ዝናብ በደህና በዘነበበትም ዓመት የሚራቡ ናቸው። በየዓመቱ በዚያው ወር እንደሚርበው ለሚታወቅ ቤት በየዓመቱ አዲስ የድንገተኛ ጥሪ ማውጣት ምን ይባላል?

ስለዚህ በጥር 1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበር፤ በኋላ ወደ 8 ሚሊዮን ተጠጋ። በግብርና ሚኒስቴር በኩል ይመራል፣ የዓለም ባንክን ጨምሮ ብዙ ለጋሾች በጋራ ይደግፉታል። አሠራሩ ሁለት በር አለው። ጉልበት ያለው ቤት የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፤ እርከን፣ ክትር፣ ችግኝ፣ የገጠር መንገድ፣ ኩሬ። ሠሪ የሌለው ቤት፣ ማለትም ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕመምተኞች፣ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ሥራው በመደበኛው አሠራር ከጥር እስከ ሰኔ ነው፤ የእርሻው ጉልበት ጋብ የሚልበትና ጎተራው እየጎደለ የሚሄድበት ጊዜ ስለሆነ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል፤ የሕፃኑንና የአያትን ድርሻ መሥራት የሚችሉት ይሸፍናሉ። እንግዲህ አንድ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት እንውሰድ፤ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች። በወር 25 ቀን ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ስለዚህ ይህ ቤት በወር 150 ብር ወይም 75 ኪሎ፣ በስድስት ወር 900 ብር ወይም አራት ኩንታል ተኩል ያገኛል። ጥጋብ አይደለም፤ ከጎተራው ቀሪ ጋር ተደምሮ ክረምቱን የሚያሻግር ነው።

ብሩ ቤት ሲገባ ወዴት ይሄዳል? መጀመሪያ እህል። ከዚያ ጨው፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ሳሙና። ቀጥሎ ስንዴ ሊሸፍናቸው የማይችላቸው ነገሮች ይመጣሉ፦ የወፍጮ፣ የደብተር፣ የመሬት ግብር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የእድር መዋጮ፣ የታመመ ልጅ ማሳከሚያ። የእርዳታ ስንዴ የተቀበለ ሰው እኮ ስንዴውን ለማስፈጨት ከስንዴው ላይ ቀንሶ ይሸጣል፤ ለአህያ ጭነትም እንዲሁ። አንድ ወረዳ ሙሉ በአንድ ቀን ስንዴ ተቀብሎ ጥቂት ጥቂቱን ሲሸጥ የሚያገኘው ዋጋ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ብር ይህን ኪሳራ ያስቀራል። ለራሱ ጉዳይ ቅደም ተከተል የሚያወጣውም የቤቱ ሰው ይሆናል፤ አንዱ ቤት ዘር ይጎድለዋል፣ ሌላው ዕዳ አለበት፣ ይህን ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚያውቅ ማንም የለም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ በ2000 ዓ.ም. የሆነውን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን መሸንገል ይሆናል። በዚያ ዓመት የእህል ዋጋ ፕሮግራሙ ሲጀመር ከነበረበት ከእጥፍ በላይ ወጣ። የቀኑ ክፍያ ወደ 8 ብር፣ ቆይቶም ወደ 10 ብር ከፍ ቢልም ገበያው ቀድሞት ሄደ። ሦስት ኪሎ ይገዛ የነበረው የቀን ክፍያ ያንን መግዛት አቃተው። ብር ይሻለናል ይሉ የነበሩ ተጠቃሚዎች «እህሉን ስጡን» አሉ። ይህን አንዳንዶች ገንዘብ ለገጠር እንደማይሆን ማስረጃ አድርገው አቀረቡት። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎቹ የተናገሩት ሒሳብ ነው። ስንዴ ሲሰጥ የዋጋ ንረቱን አደጋ የሚሸከመው ለጋሹ ነው፣ 3 ኪሎ ምንጊዜም 3 ኪሎ ነውና። ብር ሲሰጥ አደጋውን የሚሸከመው ተቀባዩ ነው። ክፍያው ከገበያው ጋር አብሮ የማይስተካከል ከሆነ፣ የወረቀቱ ቁጥር ሳይነካ ድጋፉ በየወሩ ይቀነሳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ይህ ጉዳይ እንደገና ሕያው ሆኗል።

ስለዚህ «ብር ወይስ እህል?» ለሚለው አንድ መልስ የለም። ምርት በገባ ሰሞን፣ ገበያው በእግር ሁለት ሰዓት በሆነበት አካባቢ ብር ይሻላል። ሰኔ መጨረሻ፣ ወንዝ ሞልቶ ካሚዮን በማይሻገርበት፣ ነጋዴ በማይደርስበት ቀበሌ እህል ይሻላል፤ የሴን ተከራካሪዎች ያነሱት የመንገድ ጉዳይ እዚህ ጋ እውነት ይሆናል። አንዳንድ ወረዳዎች የመጀመሪያዎቹን ወራት በብር፣ የኋለኞቹን በእህል የከፈሉት ለዚህ ነው። ብልህ አሠራር ነበር ባይ ነኝ።

ወደ ቀኑ ልምጣ። የጥር ክፍያ በየካቲት መጀመሪያ ቢደርስ የሚሠራው ሥራና ሦስት ወር ተጠራቅሞ ሚያዝያ ላይ ቢደርስ የሚሠራው ሥራ አይገናኙም። ድምሩ እኩል ነው። ግን የዘገየበት ቤት መሀል ላይ ወይ በግ ሸጧል፣ ወይ ከነጋዴ ተበድሯል፣ ወይ ምግብ ቀንሷል። ብሩ ሲደርስ በቀጥታ ወደ አበዳሪው ኪስ ይገባል፤ ሴፍቲኔቱ የአራጣ መክፈያ ሆነ ማለት ነው። መዘግየቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከተራ የቢሮ ሥራ ነው። የሥራ ቦታው የስም መቆጣጠሪያ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ ተመዝግቦ የክፍያ ሰነድ ይዘጋጃል፣ ገንዘቡ ከላይ ይለቀቃል፣ ከዚያ ገንዘብ ያዡ ሣጥኑን ይዞ በየመክፈያ ጣቢያው ይዞራል። ከእነዚህ አንዱ ሲቋረጥ፣ አንድ ቀበሌ ሰነዱን ሳያስገባ ሲቀር፣ መኪና ሲጠፋ፣ ሁሉም ይቆማል። ተቀባዩ ደግሞ ግማሽ ቀን ተጉዞ ይመጣና ስሙ እስኪጠራ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ «ለነገ» ከተባለም ዘመድ ቤት ያድራል።

በሞባይል መክፈል የተጀመረው ይህን ለማሳጠር ነው። በአንዳንድ ወረዳዎች በኤም ብርና በሄሎካሽ ክፍያ ተሞክሯል፤ ጎረቤት ኬንያ በ1999 ዓ.ም. ኤም ፔሳን ጀምራ የት እንደደረሰች የታወቀ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ሰውየው በፈለገው ቀን ያወጣል፣ በአንድ ቀን ሁሉም ብር ይዞ ስለማይሰለፍ አበዳሪም በር ላይ አይጠብቀውም። ነገር ግን ወኪሉ ጋ ጥሬ ብር ካለቀ፣ ኔትወርክ ከጠፋ፣ ስልክ የሌላቸው አዛውንት የሚስጥር ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ ከሰጡ፣ ችግሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

«ብር ከሰጠኸው ይጠጣበታል፣ ይሰንፋል» የሚለውን ብዙ አልቆይበትም። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከተለያዩ አገሮች 19 ጥናቶችን ሰብስበው አይተዋል፤ የገንዘብ ድጋፍ የመጠጥና የትምባሆ ወጪን እንደሚጨምር የሚያሳይ ነገር አላገኙም፣ አንዳንዴም ቀንሷል። በሴፍቲኔት ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ተጠቃሚዎች በራሳቸው እርሻ ላይ መሥራት ስለመተዋቸው ማስረጃ አልተገኘም። የሚጠጣ አባወራ የለም አይባልም። ግን ይህ ጥያቄ ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም።

ይልቅ ትኩረት የሚገባው ብሩ ከተቀባዩ እጅ ከወጣ በኋላ ያለው ጉዞ ነው። ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. በትግራይ፣ በዓቢ ዓዲ ከተማና በሕንጣሎ ወጀራት ወረዳ፣ ሠርቶ ማደር ለማይችሉ ቤተሰቦች በወር ከ155 ብር ጀምሮ የሚከፍል የሙከራ ፕሮግራም ነበር። አጥኚዎች ብሩን ተከትለው በአካባቢው ኢኮኖሚ ላይ ያመጣውን ለውጥ ገመቱ። በገጠሩ በሕንጣሎ እያንዳንዱ 1 ብር የአካባቢውን ገቢ በ2.52 ብር፣ በዓቢ ዓዲ በ1.35 ብር አሳደገ። ዋጋ በጥቂቱ መጨመሩ ሲታሰብ ቁጥሩ ወደ 1.84 እና 1.26 ይወርዳል። ገጠሩ ለምን በለጠ? ተቀባይዋ አሮጊት እንቁላል፣ ሽሮ፣ ማገዶ የምትገዛው ከጎረቤት ነው፤ ጎረቤትየዋ በዚያ ብር የሰፈሩን ልጅ ለአረም ትቀጥራለች። ከተማ ላይ የሚገዛው ዕቃ ከሌላ ቦታ የተጫነ ስለሆነ ብሩ በመጣበት መኪና ተመልሶ ይሄዳል። ይህን ማወቅ «ለእሷ ተሰጥቶ ለእኔ ለምን ቀረ» ለሚለው የቀበሌ ቅሬታም መጠነኛ መልስ ነው፤ ስም ዝርዝሩ ላይ ያልገባው እንቁላል ሻጭም ደርሶታል።

በወር በወር የሚመጣ ብርና በአንድ ጊዜ የሚመጣ ብርም ጠባያቸው ይለያያል። በምዕራብ ኬንያ ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት የሰጠውን ገንዘብ ያጠኑ ሰዎች፣ በየወሩ ያገኙት ምግባቸውን እንዳሻሻሉ፣ ባንዴ ያገኙት ደግሞ ቆርቆሮና የቤት ዕቃ ወደ መግዛት እንዳዘነበሉ አሳይተዋል። ከአረብ አገር እህቱ ገንዘብ የምትልክለት የወሎ ቤተሰብ ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም። ጠቅልላ የላከችው ቤት ይሠራል፤ በየወሩ የምትልካት ትንሿ ቀለብ ትሆናለች። በኬንያዋ ሲያያ አውራጃ ከ10,000 በላይ ለሆኑ ቤቶች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ያህል ሲሰጥ፣ የአካባቢው ዋጋ የጨመረው በ0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ እንዲሁ ይሆናል ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው፤ የሲያያ ገበያና መንገድ ከዋግ ገደል ጋር አይወዳደርም።

የእኛው ሴፍቲኔት ምን ያህል ለወጠ? ለአምስት ዓመት በማኅበረሰብ ሥራ የተሳተፉ ቤቶች ለአንድ ዓመት ብቻ ከተሳተፉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የችግር ጊዜያቸው በ1.29 ወር አጠረ፣ የእንስሳት ሀብታቸውም፣ የተለያዩ እንስሳትን በአንድነት ለመቁጠር በሚያገለግለው መለኪያ፣ በ0.38 ጨመረ፤ በተለመደው ስሌት ወደ 4 በግ የሚጠጋ ነው። ሌላ ጥናት ደግሞ ከብት ሲጨምር አላየም፤ ያየው የተተከለ ዛፍ ሲጨምር ነው። ባሕር ዛፍ ለወሎና ለጎጃም ገበሬ ባንክ መሆኑን የሚያውቅ በዚህ አይደነቅም። አንድ ወር ከዘጠኝ ቀን ያህል ረሃብ መቀነስ ከሩቅ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ያቺ ወር ነሐሴ ከሆነች ግን በሬው የሚሸጥባት ወር ናት።

ችግሩ የተነሳው «ምረቃ»፣ ማለትም ራሱን ችሏል ተብሎ ከፕሮግራሙ መውጣት፣ ላይ ነው። መጀመሪያ ሲታሰብ አብዛኛው ተጠቃሚ በአምስት ዓመት ሀብት አፍርቶ ይወጣል ተብሎ ነበር። አልሆነም። የተቆረጠ ቁጥር ከላይ ሲመጣ፣ ቀበሌው ዝርዝሩን ለመሙላት ገና በእግሩ ያልቆመውን ቤት ያስመርቃል። ሁለት በግና አንድ ላም ያፈራ ቤት በወረቀት ላይ ደህና ነው፤ በቀጣዩ ድርቅ ግን መሸጥ የሚጀምረው ከእነሱው ነው። ሌላው በሽታ መበታተን ነው፦ ለ100 ቤት የመጣውን ለ150 ማካፈል። ሽማግሌዎቹ ይህን የሚያደርጉት ከክፋት አይደለም፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ላለማጣላት ነው። ውጤቱ ግን ለማንም በሬ የማያድን ሽርፍራፊ ነው። በኋለኞቹ የፕሮግራሙ ምዕራፎች ከአንድ ቤት ከ5 ሰው በላይ እንዳይታሰብ መደረጉም ብዙ ልጅ ያለውን ቤት ጎድቷል።

ብር የማይሠራውን ሥራም እንይ። በሴፍቲኔት ወረዳዎች የተደረገ ጥናት ፕሮግራሙ የሕፃናትን መቀንጨር እንደቀነሰ ማስረጃ አላገኘም። ቤቱ እህል ጨምሯል፤ የሁለት ዓመት ሕፃን የሚያስፈልገው ግን እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልት፣ ንጹሕ ውኃና ጊዜ ያላት እናት ነው። እናትየው ደግሞ እርከን ላይ ናት። እሷ ስትወጣ ውኃ የምትቀዳውና ሕፃኑን የምትይዘው ትልቋ ልጅ ናት፤ ስለዚህ ለወንድሟ የተከፈተው የትምህርት ቤት በር ለእሷ ሊጠብባት ይችላል።

ይህን ለማስተካከል ከ4ኛው ምዕራፍ ጀምሮ የወጣው ደንብ፣ ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋና ከወለደች በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከማኅበረሰብ ሥራ ነፃ ሆና ክፍያዋን እንድታገኝ ያዛል። በዚያ ጊዜ የሚጠበቅባት የእርግዝና ክትትል መጀመርና የጤና ትምህርት መከታተል ነው። ደንቡ በራሱ አይሠራም፤ ብዙ ሴቶች ስለማያውቁት ወይም ለፎርማኑ ለመናገር ስለሚያፍሩ ሥራው ላይ ይቆያሉ። መንገዱ እንዲህ ነው፦ ሴትየዋ ጤና ኬላ ሄዳ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትናገራለች፤ እሷ እርግዝናውን አረጋግጣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ታሳውቃለች፤ ስሟ ከሥራ ዝርዝር ወደ ቀጥታ ድጋፍ ይዛወራል። ካልተዛወረ ጉዳዩ የሚቀርበው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው።